ወንዝ ዳር የሚሰጥ ሳይንስ፦ የክላማዝ ልጆች ትምህርት



በ2002 ሴፕቴምበር ወር፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ክላማዝ በተባለው ወንዝ ላይ ቢያንስ 34,000 ትልልቅ የሳልመን ዓሦች ሞቱ። ይህ የአገሪቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያወጣው ዝቅተኛ ግምት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ዓሦቹ ከውቅያኖስ ተነሥተው ሊራቡ ወደ ላይ እየወጡ ነበር። ዓመቱ ድርቅ ነው፤ ወንዙ ቀጥኗል፤ ከላይ ብዙ ውኃ ለመስኖ ተጠልፏል፤ የቀረው ደግሞ ሞቋል። በዚያ ጠባብና ሞቃት ውኃ ውስጥ የተጨናነቁትን ዓሦች ሁለት በሽታዎች ጨረሷቸው። አንዱን የሚያመጣው ኢክ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሁለተኛው የዓሣውን ስንጥብ የሚያበሰብስ ባክቴሪያ ነው። ሬሳው በወንዙ ግራና ቀኝ ተቆለለ።

ይህ በዩሮክ ሕዝብ መንደር ውስጥ የደረሰ ነገር ነው። ክላማዝ ከኦሬገን ግዛት ደቡብ፣ ከላይኛው ክላማዝ ሐይቅ ተነሥቶ ተራራ እየሰነጠቀ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝና ሰላማዊ ውቅያኖስ ይገባል። ከላይ ክላማዝ፣ ሞዶክና ያሁስኪን የተባሉ ነባር ሕዝቦች፣ በመካከል ሻስታና ካሩክ፣ ትሪኒቲ በተባለው ትልቁ ገባር ላይ ሁፓ፣ ከባሕሩ አጠገብ ዩሮክ ይኖሩበታል። ለዩሮክ የተከለለው መሬት ወንዙን ተከትሎ ከባሕር ወደ ላይ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስፋቱ ከወንዙ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ማይል ብቻ ነው። ካርታው ላይ ያየ ሰው አገሩ ራሱ ወንዝ ይመስለዋል። የዚያ አገር ሰው ሠርጉም ለቅሶውም ያለ ሳልመን አይሆንለትም።

ያን ጊዜ ኤሚ ቦወርስ ኮርዳሊስ የተባለች የዩሮክ ተወላጅ የኮሌጅ ተማሪ ሆና በነገዱ የዓሣ ሀብት መምሪያ ትሠራ ነበር። ሬሳውን በዓይኗ አየች። ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የመራት ያ ቀን መሆኑን በአደባባይ ደጋግማ ተናግራለች። ቆይታ የነገዱ ዋና የሕግ አማካሪ ሆነች፤ በወንዙ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተሟገተች፤ በ2024 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ትልቁን ሽልማቱን ሰጣት። የነገዱ የዓሣ ሀብት መምሪያም በበኩሉ ሲያለቅስ አልተቀመጠም። የውኃውን መጠን፣ ሙቀቱን፣ የበሽታውን አካሄድ መርምሮ የጥፋቱን ምክንያቶች የሚተነትን ጥናት በ2004 አወጣ። በዚያው ዓመት የወንዙ ሰዎች በክላማዝ ላይ የተሠሩት የኤሌክትሪክ ግድቦች ባለቤት የሆነው ኩባንያ እናት ድርጅት ወዳለበት እስከ ስኮትላንድ ድረስ ሄደው ባለአክሲዮኖቹ ስብሰባ ደጃፍ ላይ ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ በእጃቸው የያዙት እሮሮ ብቻ አልነበረም።

እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ፣ የወንዙ ሰዎች ራሳቸው ስለለኩት ቁጥር ነው። ልጆችን ወንዝ ዳር ወስዶ ሳይንስ ማስተማር በብዙ አገር እንደ ሽርሽር ይታያል፤ ለቤት ውስጥ ትምህርት ማጣፈጫ ተደርጎ ይወሰዳል። በክላማዝ ግን ሌላ ነገር ነው። የተለካው ቁጥር የለካው ልጅና የወገኑ ንብረት ሲሆን፣ ያም ቁጥር ስለ ወንዙ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ትምህርቱ ሥር ይሰድዳል። ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ለመምህሩ ማርክ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ እቤቱ ሳይደርስ ይረሳዋል።

ከሁሉ በፊት ትምህርት የሚባለው ነገር በዚያ አገር ምን ታሪክ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። በ1893 በሁፓ ሸለቆ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሌሎች ልጆች በኦሬገን ወዳለው ቼማዋ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ወዳለው ሸርማን ተቋም ተወሰዱ። ዓላማው የተሰወረ አልነበረም፦ ልጁን ከቋንቋው፣ ከአያቶቹና ከወንዙ ነጥሎ ሌላ ሰው ማድረግ ነው። በአፍ መፍቻው የተናገረ ይቀጣ ነበር። ዓሣ የሚጠመድበትን ወቅት፣ የመረቡን አሠራር፣ የትኛው ገባር መቼ እንደሚቀዘቅዝ ከአያቱ ሊሰማ የሚገባው ልጅ፣ ያን ዕድሜውን ሌላ ቦታ አሳለፈ። ስለዚህ አንድ የካሩክ ወይም የዩሮክ ቤተሰብ «ትምህርት ቤት» ሲባል ሰውነቱ ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም። ዛሬ ካሩኮች በራሳቸው የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ሥር ፒክያቭ የተባለ የመስክ ተቋም አቋቁመው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሚሆን የራሳቸውን ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅተዋል። ልጆቹ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጫካው፣ ስለ እሳት አያያዝ የሚማሩት እዚያው አገራቸው ላይ ነው። ትምህርቱን የሚመራው ራሱ ሕዝቡ መሆኑ ከማናቸውም መሣሪያ የሚበልጥ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ውኃው እንግባ። ወንዝ ታሟል ወይስ ድኗል የሚለውን ልጆች በእጃቸው እንዴት ያውቃሉ?

አንደኛው መንገድ ድንጋይ ሥር ያሉትን ነፍሳት መቁጠር ነው። ሁለት ልጆች ጉልበታቸው ድረስ ባለ፣ ድንጋያማና ፈጣን ውኃ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ መረቡን ወንዙ አልጋ ላይ አቁሞ ይይዛል፤ ሌላው ከመረቡ በላይ ቆሞ በጫማው ድንጋዩን እያናወጠ ያገላብጣል። ከድንጋዩ የተላቀቀው ሁሉ በውኃው ኃይል መረቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ነጭ ትሪ ላይ ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚታየው ቅጠል፣ ጭራሮና አሸዋ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ «ምንም የለም» ይላሉ። መምህሩ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ ይላቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ቅጠል የመሰለው መሄድ ይጀምራል። አንዱ እጭ ሦስት ቀጫጭን ጭራ አለው፤ በሆዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ስንጥቦቹ ይርገበገባሉ፤ ይህ መይፍላይ ይባላል። ሌላው ሁለት ጭራ፣ ጠንካራ እግር ያለው ስቶንፍላይ ነው፤ ትሪው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እያነሰ ሲሄድ እግሮቹን ተክሎ ገላውን ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋል፤ በስንጥቡ ላይ ውኃ እንዲመላለስለት ነው። ያን ያየ ልጅ ኦክሲጅን ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ሦስተኛው ካዲስፍላይ ነው፤ ከአፉ በሚያወጣው ሐር አሸዋና እንጨት አጣብቆ ቤት ይሠራል፤ ቤቱን ይዞ ይሄዳል።

እነዚህ ሦስቱ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛና ኦክሲጅን የሞላበት ውኃ የሚወዱ ናቸው። ውኃው ሲበላሽ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው፤ ትሪው ላይ አልቅት፣ ደም የመሰለ ቀይ እጭና ቀጭን ትል ብቻ ሲቀር ልጁ ራሱ ፍርዱን ይሰጣል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ጊዜን መያዙ ነው። ቴርሞሜትር የሚነግረን የዚያችን ደቂቃ ነው። ስቶንፍላይ ግን ከነዚያ ድንጋዮች ሥር ወራት ኖሯል፤ ትልልቆቹ ዝርያዎች ሦስት አራት ዓመት ይቆያሉ። ባለፈው የካቲት በሌሊት አንድ ሰው መርዝ ደፍቶ ቢሄድ፣ መሣሪያው ዛሬ አያውቅም፤ ነፍሳቱ ግን በመጥፋታቸው ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው መንገድ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን መለካት ነው። ዛሬ ቁጥሩን ወዲያው የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አለ። እኔ ግን ልጆች ቢያንስ አንድ ጊዜ በጠርሙስ ቢሠሩት ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። ጠርሙሱ አንዲት የአየር አረፋ ሳይገባበት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይሞላና ይከደናል። ሁለት ኬሚካሎች ሲገቡበት ኦክሲጅን ያለው ውኃ ቡናማ ዝቃጭ ያወጣል። አሲድ ሲጨመር ዝቃጩ ይሟሟና ውኃው ወርቃማ ቢጫ ይሆናል። ጠብታ ስታርች ሲገባበት በአንድ ጊዜ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ከዚያ ሌላ ፈሳሽ በጠብታ በጠብታ እየተቆጠረ ይጨመራል፤ ቀለሙ ድንገት ጠፍቶ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ። የጠብታው ብዛት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ኦክሲጅን እንዳለ ይነግራል። ቁጥሩን ልጁ ቆጥሮ አገኘው እንጂ ከመስታወት ላይ አላነበበውም። (ኬሚካሉ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ የተረፈውም በዕቃ ተጠራቅሞ ይወሰዳል እንጂ ወንዙ ላይ አይደፋም። ስለ ወንዝ ጤና እያስተማሩ ወንዝ ላይ ኬሚካል መድፋት ልጆች የማይረሱት ትምህርት ይሆናል።)

ከዚህ በኋላ ነው ሙቀት ለምን ገዳይ እንደሚሆን የሚገባቸው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ 25 ዲግሪ ሲደርስ ከ8 ብዙም ፈቀቅ አይልም። ሳልመን ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል። ውኃው በሞቀ ቁጥር የዓሣው ገላ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ውኃው ደግሞ ጥቂት ይሰጠዋል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ፤ በአንድ ቀን ሽርሽር የማይገኘው ይህ ነው። አልጌ የበዛበት ውኃ በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ያመነጫል፤ ከቀትር በኋላ ለካ ብትሉት ልጁ የሚያስደስት ቁጥር ያመጣላችኋል። ሌሊት ግን ያው አልጌ ኦክሲጅኑን መልሶ ይበላዋል፤ ዝቅተኛው ሰዓት ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ዓሣው የሚሞተው በዚያ ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ አቁሞ የለካው ወንዝ ጤነኛ ይመስላል፤ ሌሊት ድንኳን ተክለው፣ ባትሪ ይዘው፣ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሡ የለኩት ልጆች ግን እውነተኛውን ወንዝ ያያሉ። በመስክ ማደር ለትምህርቱ ጌጥ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ያለ እርሱ መልሱ ራሱ ስሕተት ይሆናል።

ክላማዝን ይህን ያህል ያሳመመው ምንድን ነው? በ1918 እና በ1962 መካከል ኮፕኮ ቁጥር 1፣ ኮፕኮ ቁጥር 2፣ ጄ. ሲ. ቦይልና አይረን ጌት የተባሉ አራት የኤሌክትሪክ ግድቦች ተሠሩበት። ከሁሉ በታች ያለው አይረን ጌት ለዓሣ መተላለፊያ አልነበረውም፤ ከላይ ያለው መራቢያ ሁሉ ተዘጋ። ከግድቦቹ ኋላ የተኛው ውኃ በበጋ ሞቆ በመኸር ጊዜ፣ ዓሣው ቅዝቃዜ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ከተፈጥሮው የሞቀ ሆኖ ይለቀቅ ነበር። ግድቡ ጠጠርና አሸዋ ስለሚያስቀር ከበታቹ ያለው የወንዝ አልጋ ሳይገላበጥ ዓመታት ይቆያል፤ በዚያ ባልተነካ አልጋ ላይ አንዲት ደቃቅ ትል ትራባለች፤ ትሏ ሴራቶኖቫ ሻስታ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ታስተናግዳለች፤ ተሕዋሱም ወደ ባሕር የሚወርዱትን የሳልመን ጫጩቶች አንጀት ይበላል። ልጆች ይህን ሰንሰለት ሲማሩ፣ ድንጋይ መገላበጡ ራሱ የወንዝ ጤና እንደሆነ ይገባቸዋል።

በግድቦቹ ሐይቆች ላይ ደግሞ በየበጋው ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዛማ አረንጓዴ-ሰማያዊ አልጌ እንደ ቀለም ይንሳፈፍ ነበር፤ «አትዋኙ፣ አትጠጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ይህን ስናገር ከመካከላችሁ የቆቃን ሐይቅ የሚያውቅ ይኖራል። በቆቃ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ውኃ የዚያው የማይክሮሲስቲስ ሥራ ነው፤ መርዙም ማይክሮሲስቲን በዚያ ተለክቶ ተገኝቷል። የክላማዝ ልጅና የቆቃ ዳር ልጅ ቢገናኙ ስለ ሽታው ብዙ ማብራራት አያስፈልጋቸውም።

የሽማግሌዎቹ እውቀት በዚህ ትምህርት ውስጥ ቦታው የት ነው? ብዙ ጊዜ እንደ መክፈቻ ጸሎት ይደረጋል፤ አንድ አባት ተጠርተው ይናገራሉ፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ «ሳይንሱ» ይጀመራል። ይህ አያስደስተኝም። ብሉ ክሪክ የተባለውን የታችኛው ክላማዝ ገባር ተመልከቱ። ዓሣ አጥማጆቹ ከባሕር የወጣው ሳልመን በሙቀቱ ጊዜ የዚህ ገባር አፍ ላይ እንደሚያርፍ ከጥንት ያውቃሉ፤ መረብ የት እንደሚጣል የሚወስነውም ይህ እውቀት ነው። ውኃው የት ይቀዘቅዛል የሚለው ጥያቄ የመጣው ከእነሱ ነው። ልጅ ቴርሞሜትር ይዞ ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሩ አፍ እየተራመደ ቁጥሩ ሲወርድ ሲያይ፣ አያቱ የነገሩትን ነገር በዲግሪ ጻፈው ማለት ነው። ዩሮኮች በብሉ ክሪክ ተፋሰስ የነበረውን የእንጨት ኩባንያ መሬት ለዓመታት ታግለው እስከ 2025 ድረስ ከ47,000 ኤከር በላይ፣ ማለትም 190 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ አስመልሰዋል። ያ መሬት ለምን ይገባናል ለሚለው ክርክር ቀዝቃዛው ውኃ አንዱ ትልቅ ማስረጃ ነበር።

ወደ ግድቦቹ ልመለስ። የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኖቬምበር 2022 እንዲፈርሱ ፈቀደ። ኮፕኮ ቁጥር 2 በ2023 ተነሣ፤ የቀሩት ሐይቆች በጃንዋሪ 2024 መፍሰስ ጀመሩ፤ በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ የፍርስራሹ ሥራ አለቀ። ሐይቆቹ ሲለቀቁ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ ደለል ወንዙን ጭቃ አደረገው። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ከማራቢያ ጣቢያ የተለቀቁ እስከ 830,000 የሚገመቱ የሳልመን ጫጩቶች ሞቱ። ወዲያው «ያውላችሁ፣ ጭቃው ገደላቸው፤ ግድቡ መፍረስ አልነበረበትም» የሚል ድምፅ ተነሣ። ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ውኃው ቡናማ ነው፣ ዓሣው ሞቷል።

የካሊፎርኒያ የዓሣና ዱር እንስሳት መምሪያ መለኪያዎቹን ተመለከተ። ድፍርስነቱም የሟሟው ኦክሲጅንም ዓሣ የሚያኖር ነበር። ሬሳዎቹ ሲመረመሩ የጋዝ አረፋ በሽታ ምልክት ታየባቸው፤ ይህ በሽታ ድንገተኛ የግፊት ለውጥ የሚያመጣው ነው። ጫጩቶቹ የተለቀቁት ከአይረን ጌት በላይ ስለነበረ፣ ያን ጊዜ ገና ባልፈረሰው ግድብ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ አልፈው ነበር። ስለዚህ ግድቡ እስኪነሣ ድረስ ጫጩት ከበታቹ እንዲለቀቅ ተወሰነ።

ይህን ታሪክ የማስተምር ቢሆን ለልጆቹ መጀመሪያ ፎቶውን ብቻ አሳያቸዋለሁ፤ ማን ገደላቸው? እላቸዋለሁ። ሁሉም ጭቃው ይላሉ። ቀጥሎ የኦክሲጅኑን ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። ቁጥርን ሰብስቦ በደብተር ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ዓይን በሚመሰክረውና ሕዝብ በሚጮኸው ላይ ቁጥሩን ተማምኖ መቆም ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ያም ጉልበት የሚመጣው ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ በእጅ ሲያውቁት ነው። መሣሪያው ከመለካቱ በፊት ተስተካክሎ እንደሆነ፣ ናሙናው ሁለት ጊዜ ተወስዶ እንደሆነ፣ ሰዓቱና ቦታው ተጽፎ እንደሆነ። ለልጆች ይህ ይከብዳቸዋል የሚል መምህር አጋጥሞኛል። እኔ አይመስለኝም። የሚከብዳቸው ለምንም የማይውል ጥንቃቄ ነው፤ ደብተራቸው ነገ ጠበቃ እጅ ሊገባ እንደሚችል ያወቁ ልጆች ሰዓት መጻፍ አይረሱም።

በዚያው ኦክቶበር 2024፣ ግድቦቹ ፈርሰው ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ በኦሬገን ከጄ. ሲ. ቦይል በላይ ባለ ገባር ላይ የቺኑክ ሳልመን ተገኘ። ከ1912 ወዲህ ዓሣው እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ማንም ጭኖ አልወሰደውም። በጁን 2025 ደግሞ የተፋሰሱ ነባር ሕዝቦች ወጣቶች ከላይኛው ሐይቅ ገባር፣ ከዉድ ወንዝ ምንጭ፣ በካያክ ተነሥተው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቀዝፈው ከአንድ ወር በኋላ ጁላይ 11 ቀን ውቅያኖስ ደረሱ። መቅዘፉን ለብዙዎቹ ያስተማራቸው በ2022 የተጀመረው «ፓድል ትራይባል ዋተርስ» የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ብዙዎቹ ቀድሞ ካያክ ላይ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ዜናው ስለ ጀልባውና ስለ ማዕበሉ ብዙ ጻፈ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከምንጭ እስከ ባሕር ውኃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲደፈርስና ሲጠራ በገላው ላለፈ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሰንጠረዥ ሁሉ ቦታ አለው።

ይህ ሁሉ ለእኛስ? የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዘዴው ይሻገራል፤ ቁጥሩ አይሻገርም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ በሙሉ ጤንነቱ እንኳ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የክላማዝን ሚዛን አምጥቶ እንጦጦ ሥር ባለ ጅረት ላይ መጣል ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ ያሰኛል። ነፍሳቱም እንደ አገሩ ይለያያሉ። ለዚህም ነው ለኢትዮጵያ ደጋማ ጅረቶች የተሠራ፣ ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ በ2015 የታተመው። ደቡብ አፍሪካውያን ሚኒ ሳስ ብለው ለተማሪዎች ያቀለሉት ዘዴም አለ፤ መረብ፣ ትሪና ሥዕላዊ መለያ ካለ ይበቃል። ገንዘቡ ሰበብ አይሆንም። የሚጎድለው፣ ልጆቹ ያገኙትን ውጤት የሚቀበል አካል ነው፤ ቀበሌው፣ የውኃ ቢሮው፣ የፋብሪካው ጎረቤት። ተቀባይ ሳይዘጋጅ ልጆችን አሰልፎ ወንዝ መውረድን አልመክርም።

በክላማዝ ሥራው አላለቀም። በላይኛው ተፋሰስ ኬኖና ሊንክ ሪቨር የተባሉ ሁለት ግድቦች አሁንም ቆመዋል፤ የዓሣ መወጣጫ አላቸው፣ ቀዛፊዎቹ ልጆች ግን ጀልባቸውን ተሸክመው ነው ያለፏቸው። የላይኛው ክላማዝ ሐይቅ ራሱ ታሟል። ዙሪያውን የነበረው ረግረግ ለእርሻና ለግጦሽ ሲባል እንዲደርቅ ተደርጓል፤ ከዚያ የሚታጠበው ፎስፈረስ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ በየበጋው አልጌው ይፈላል፣ ሲሞት ኦክሲጅኑን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ሐይቅ ቹዋምና ኮፕቱ የተባሉ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዓሦች አሉ። ቹዋም ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። የክላማዝ ነገዶች ዓሦቹ ሲያልቁባቸው በ1986 ማጥመዱን በገዛ ፈቃዳቸው አቆሙ፤ በ1988 ሁለቱም የመጥፋት አደጋ የተጋረጠባቸው ተብለው በሕግ ተመዘገቡ። ትልልቆቹ ዛሬም በየፀደዩ ይራባሉ፤ ከጫጩቶቹ ግን ለማደግ የሚበቃ የለም ማለት ይቻላል። ነገዱ እንቁላል እየሰበሰበ በራሱ ጣቢያ እያሳደገ ይለቃል።

ሳልመኑ አሁን ወደዚህ ሐይቅ የሚያስኬደው መንገድ ተከፍቶለታል። ከኬኖ በላይ ያለው የተኛ ውኃ ግን በበጋ ኦክሲጅኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል። በየትኛው ሳምንት ይወርዳል፣ በየትኛው ይመለሳል፣ የመኸሩ ዓሣ ሲደርስ ውኃው ተመልሶ ይጠብቀዋል ወይ? ይህን የሚመልሰው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ዓመት ከዓመት የሚወሰድ ልኬት ብቻ ነው። ካያክ የቀዘፉት ልጆች ታናናሾች ሊሠሩት የሚገባ ሥራ ይህ ነው።